የዕድር ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ

ስለ ሙስና የሚደረግ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከወንጀለኛው ነው፤ ማን ወሰደ፣ ስንት ወሰደ፣ ለምን ሳይጠየቅ ቀረ የሚሉት ጥያቄዎች ቀድመው ይመጣሉ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ቢሆኑም ከእነርሱ በፊት መልስ የሚሻ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ሌባን በአደባባይ የሚያዋርድ፣ ጉቦን በሃይማኖቱ የሚኮንን፣ አደራ መብላትን ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር አድርጎ የሚቆጥር ኅብረተሰብ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ያንኑ የሚጸየፈውን ድርጊት እንደ አንድ የኑሮ ሥርዓት ተቀብሎ እንዴት ሊኖር ቻለ የሚለው ነው። «ሥነ ምግባር ስለ ጠፋ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ለስብከት ይመች ይሆናል እንጂ ለማብራሪያ አይበቃም፤ ምክንያቱም በቢሮው ውስጥ ለሻይ ካልተባለ የባለጉዳይን ፋይል የማያንቀሳቅስ ሠራተኛ፣ በሰፈሩ ዕድር ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲመረጥ አንዲት ብር ሳያጎድል ሒሳቡን የሚያስረክብ ሊሆን ይችላል። ሙስናን መረዳት ማለት ከሁሉ በፊት ይህን የአንድ ሰው ሁለት መልክ ማብራራት ነው።

ጽሕፈት ቤቱን በርሊን አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ሙስናን «በአደራ የተሰጠን ሥልጣን ለግል ጥቅም ማዋል» ብሎ ይፈታዋል፤ ይህ ትርጓሜ አጭርና ምቹ በመሆኑ ዛሬ በየአገሩ ይጠቀሳል። የሕግ ትርጓሜ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር አይረካም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ፣ ኋላም የሙስና ወንጀሎችን ለብቻቸው የደነገገው አዋጅ ቁጥር 881/2007፣ ጉቦ መቀበልንና መስጠትን፣ በሥልጣን አላግባብ መገልገልን፣ በተሰሚነት መነገድን፣ ጉዳይን ያለአግባብ ማጓተትን፣ ምንጩ ያልታወቀ ንብረት ይዞ መገኘትን እያሉ ድርጊቶቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። አዋጁ በመንግሥት ሠራተኞች ላይ ብቻ ሳይወሰን ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ድርጅቶችንም በወሰኑ ውስጥ አስገብቷል። የሃይማኖት ድርጅቶችን፣ የፖለቲካ ፓርቲዎችን፣ ዕድርንና የመሳሰሉትን ባህላዊ ማኅበራት ግን ከዚህ ውጪ አድርጓቸዋል። ሕግ አውጪው ዕድርን ለብቻው የተወበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ዕድር የራሱ ዳኛ፣ የራሱ ጸሐፊና የራሱ ቅጣት ያለው ተቋም መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም።

ትርጓሜውም ሆነ ዝርዝሩ በዝምታ የሚመሠረቱበት አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም «የጋራ» የሚባል ነገር እና «የግል» የሚባል ነገር በግልጽ ተለይተው ይኖራሉ፣ ሹሙም በወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የግሉን ከበር ውጪ ጥሎ ይገባል የሚል ነው። ይህ እምነት ዛሬ የማያከራክር ቢመስልም በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ዘግይቶ የመጣ፣ በብዙ ጥረት የተገነባና በቀላሉ የሚፈርስ ነገር ነው። የፍልስፍና ሊቃውንትም ስለ ሙስና የተጨነቁት በዋናነት ስለዚህ ድንበር ነበር።

ፕላቶን «ፖለቴያ» በተባለው ድርሳኑ የከተማይቱ ጠባቂዎች ወርቅና ብር እንዳይኖራቸው፣ የግል ቤትና ጎተራ እንዳይኖራቸው ከወሰነ በኋላ እዚያ ላይ አላቆመም፤ የግል ሚስትና የግል ልጅም እንዳይኖራቸው አድርጓል። ብዙ አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ እንደ አንድ የፈላስፋ ቅዠት አድርጎ ያልፈዋል፤ ሐሳቡ ተግባራዊ ሊሆን አለመቻሉ እውነት ቢሆንም፣ ፕላቶን የችግሩን ሥር የነካው እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ የሌለው ባለሥልጣን እንኳ ልጅ ካለው ለልጁ ያስባል፤ ለልጁ የሚያስብ ሰው ደግሞ ለማያውቀው ሰው ልጅ እኩል ሊያስብ አይችልም። ደቀ መዝሙሩ አርስቶትል መፍትሔውን ነቅፎታል፤ የሁሉም የሆነ ነገር እንክብካቤ እንደሚያጣ፣ ሁሉን እንደ ልጅ መውደድም ማንንም አለመውደድ እንደሚሆን አስረድቷል። ሆኖም አርስቶትል ራሱ በ«ፖለቲካ» መጽሐፉ መንግሥታትን የሚለየው በገዥዎቹ ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ ለጋራ ጥቅም የሚገዙትን ቀናዎች፣ ለገዥዎቹ ጥቅም የሚገዙትን ደግሞ ከመንገድ የወጡ ይላቸዋል። በዚህ አስተሳሰብ ሙስና የአንድ ሰው ጥፋት ከመሆኑ በፊት የአንድ ሥርዓት ሕመም ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡትም ይህን መስመር ቀጥለውበታል። የፍሎሬንሱ ኒኮሎ ማኪያቬሊ ስለ ሮማ ሪፐብሊክ በጻፈው ሐተታ፣ ሕዝቡ አንዴ ከተበላሸ ጥሩ ሕግ ብቻውን ሊያድነው እንደማይችል፣ ምክንያቱም ሕግ የሚጠበቀው በልማድ፣ ልማድም የሚጠበቀው በሕግ ስለሆነ ሁለቱ አብረው እንደሚወድቁ ይከራከራል። ሞንቴስኪዩ እ.ኤ.አ. በ1748 ባሳተመው «የሕግጋት መንፈስ» ውስጥ የእያንዳንዱ መንግሥት ብልሹነት የሚጀምረው ያቆመው መሠረታዊ መርሕ ሲበላሽ መሆኑን አስተምሯል። ባለፉት ሁለት ምዕተ ዓመታት ግን ሐሳቡ እየጠበበ መጥቶ ሙስና ማለት አንድ ባለሥልጣን የፈጸመው፣ በማስረጃ ሊረጋገጥና በአንቀጽ ሊጠቀስ የሚችል ድርጊት ብቻ ሆነ። መጥበቡ ለዐቃቤ ሕግ ጠቅሟል፤ አንድን ሰው «ሥርዓቱ ታሟል» ብሎ መክሰስ አይቻልምና። ነገር ግን አንድም አንቀጽ ሳይጣስ የጋራው ነገር ወደ ግል የሚዛወርበትን ሰፊ መንገድ ከዕይታ ሰውሮታል።

ወደ ኢትዮጵያ ታሪክ ሲመጣ የጋራና የግል ድንበር ጥያቄ ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ በግልጽ ይታያል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በየስብሰባው እየተጠቀሰ ኢትዮጵያዊው ከጥንት ጀምሮ ሙስናን ሲያወድስ የኖረ ይመስል እንደ ማስረጃ ይቀርባል፤ ይህ አነጋገር ግን ተረቱ የተነገረበትን ሥርዓት የሚዘነጋ ነው። በቀድሞው አስተዳደር ሹም ደመወዝ አልነበረውም። የሚተዳደረው በጉልት፣ ማለትም በተሰጠው አገር ላይ ከሚኖረው ገበሬ ግብር የመቀበል መብት፣ ወይም በማደሪያ፣ ማለትም በአገልግሎቱ ዘመን በሚይዘው መሬት ነበር፤ ዳኛውም ከተሟጋቾች በሚከፈለው የዳኝነት ገንዘብ ይኖር ነበር። ስለሆነም መብላት የሹመት ብልሽት አልነበረም፤ የሹመት ክፍያ ነበር። ሹመቱ ደግሞ በንጉሡ ፈቃድ የሚጸና በንጉሡ ቁጣ የሚሻር ስለነበር፣ ነገ እንደሚሻር የሚያውቅ ሰው ዛሬ ፈጥኖ ቢሰበስብ የሚያስገርም አልነበረም። ተረቱ የሚገልጸው የሰውን ስግብግብነት ሳይሆን ዋስትና የሌለውን ሹመት ነው ማለት ይቻላል፤ ዛሬም ቢሆን የወንበራቸው ዕድሜ የማይታወቅ ሹማምንት ባሉበት ሁሉ ተረቱ ሥራ ላይ ነው።

ይህ ሲባል በዚያ ዘመን ጉቦ አይታወቅም ወይም አይነወርም ነበር ማለት አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ዳኞች መማለጃ ተቀብለው ፍርድ እንዳያጣምሙ ያዛል፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 ላይ ያለው የመማለጃ ክልከላም ለካህኑም ለምእመኑም እንግዳ አልነበረም። በሥርዓቱ ውስጥ የነበረው ልዩነት በግልጽ በሚቀርብ እጅ መንሻና በስውር በሚሰጥ ጉቦ መካከል ነበር። እጅ መንሻ በሰው ፊት ይቀርባል፣ የሰጪውን ታማኝነትና የተቀባዩን ክብር ያሳያል፣ ሰጪውም ተቀባዩም አያፍሩበትም። ጉቦ ግን አንድን የተወሰነ ፍርድ ለመግዛት በጨለማ የሚሰጥ ነው። በመካከላቸው ያለው መስመር ቀጭን እንደነበረና ብዙ ጊዜም እንደጠፋ መገመት አያዳግትም፤ ቢሆንም መስመሩ ነበረ።

የዚህን ሥርዓት ችግር ከውስጥ ሆኖ በጥልቀት ያየው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በአሥመራ በታተመው «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ ለወጣቱ ልጅ ኢያሱ ካቀረባቸው የማሻሻያ ሐሳቦች መካከል የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ የግል ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብርም በታወቀ መጠን እንዲሆን የሚጠይቁ ይገኙበታል። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ምክር የዘመናዊው የሙስና ጥያቄ ሁሉ እምብርት ነው፤ ሁለቱ ሣጥኖች ካልተለዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ስርቆት ሊባል አይችልምና። ገብረ ሕይወት ስለ ሹማምንት ጠባይ ከመስበክ ይልቅ ስለ ሒሳብ አያያዝ መጻፉ ብቻውን ከብዙ ዘመነኛ ተናጋሪዎች ቀድሞ እንደነበር ያሳያል። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ደንብ ሹማምንቱን የመንግሥት ደመወዝተኞች አደረጋቸው፤ የጉልት ሥርዓትም በሕግ የተሻረው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሹመትን እንደ ርስት የማየት አስተሳሰብ ግን በአዋጅ የሚሻር አልነበረም፤ ደመወዝ የሚበሉ፣ ነገር ግን ወንበሩን እንደ ጉልት የሚመለከቱ ሰዎች የቢሮውን አዲስ ልብስ ለብሰው ቀጠሉ።

ሙስናን እንደ ማኅበራዊ ችግር ለመረዳት ትልቅ እርዳታ ያደረገው ናይጄሪያዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ፒተር ኤኬ ነው። ኤኬ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ በአፍሪካ አንድ ሳይሆን ሁለት «ሕዝባዊ መድረኮች» አሉ ይላል። የመጀመሪያው የዘመድ፣ የብሔር፣ የመንደርና የማኅበር መድረክ ሲሆን፣ እዚህ ሰው ግዴታ አለበት፤ ያዋጣል፣ ይረዳል፣ አደራ ይጠብቃል፣ ቢያጎድል ያፍራል። ሁለተኛው ቅኝ ገዥዎች የተከሉት የመንግሥት መድረክ ሲሆን፣ እዚህ ሰው መብት እንጂ ግዴታ አይሰማውም፤ ከዚህ ወስዶ ወደ መጀመሪያው ማምጣት እንዲያውም የሚያስመሰግን ነው። ኢትዮጵያ በቅኝ ግዛት ሥር አልነበረችምና የኤኬ ታሪካዊ ማብራሪያ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም፤ ገባሩ ገበሬ መንግሥትን ያውቅ የነበረው ግን በዋናነት በሚወስድበት እህል፣ በሚያዘው ጉልበትና በሚያስቀምጥበት ወታደር ስለነበር፣ መንግሥትን ከራሱ ውጪ ያለ ነገር አድርጎ ለማየት ነጭ ገዥ አላስፈለገውም። የዕድሩን ገንዘብ የሚጠብቀውና የመንግሥቱን ገንዘብ የማይጠብቀው ሰው በዚህ ዓይን ሲታይ ራሱን የሚቃረን አይደለም፤ ለሁለት የተለያዩ መድረኮች ሁለት የተለያዩ ሥነ ምግባሮችን የያዘ ነው።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ደግሞ የመጀመሪያው ሥነ ምግባር ክፉ አለመሆኑ ነው። ከገጠር የመጣ የእኅቱን ልጅ ሥራ የሚያስቀጥር ኃላፊ፣ በገዛ ዘመዶቹ ፊት ደግ ሰው ነው፤ ማስቀጠር ሲችል እምቢ ቢል ደግሞ «ወንበር አገኘና ወገኑን ረሳ» የሚል ወቀሳ ይጠብቀዋል፣ በልቅሶም በሠርግም ይህ ወቀሳ ይከተለዋል። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዣን ፒየር ኦሊቪዬ ደ ሳርዳን እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረበው ትንተና ሙስና በአፍሪካ ሥር የሰደደው ከስጦታ፣ ከአማላጅነት፣ ከዝምድና ግዴታና ለወገን ከማካፈል ልማድ ጋር ስለተጣበቀ መሆኑን አሳይቷል፤ ሰዎች ሙስናን በጥቅሉ ያወግዛሉ፣ ተለይቶ ሲመጣ ግን ስሙን ይለውጡለታል። በአዲስ አበባ ቢሮዎች ደጃፍ «ሰው አለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ጉቦ ያልሆነ፣ ነገር ግን ከጉቦ የማይተናነስ ሥራ ይሠራል። ሰው ያለው ሰው አይከፍልም፤ ሰው የሌለው ይከፍላል፤ ገንዘብም ሰውም የሌለው ነገ ተመለስ፣ ሲስተም የለም፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው እየተባለ ይመላለሳል። እዚህ ላይ የሚጎዳው ሦስተኛው ሰው ነው፤ ለዘመዱ የተደረገው ደግነት በሙሉ የተከፈለው ከዚህ ከማይታወቀው፣ ወረፋውን ከተነጠቀው ሰው ኪስ ነው። የዝምድና ሥነ ምግባር የማያየው ይህንን ሰው ነው፤ ፍልስፍናዊው የሙስና ችግርም ለማናውቀው ሰው ያለብን ዕዳ ምንድን ነው ወደሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንዳንድ ምሁራን፣ ከእነርሱም አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ሳሙኤል ሀንቲንግተን ይገኝበታል፣ ቢሮክራሲው በተቆለፈበት አገር ጉቦ ሥራን እንደሚያቀላጥፍ ተከራክረው ነበር። ክርክሩ ዛሬም በነጋዴዎች መካከል ይሰማል፤ ስሕተቱ ግን መዘግየቱን እንደ ተፈጥሮ ዝናብ ከላይ የወረደ አድርጎ መቁጠሩ ነው። መፍጠን ዋጋ ሲያወጣ ማጓተት ምርት ይሆናል። ጉዳይን ያለአግባብ ማጓተት በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ራሱን ችሎ የተደነገገውም ይህ የማጓተት ንግድ ስለሚታወቅ ይመስላል።

በዚህ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ የማይለይ አንድ ልዩነት መለየት ያስፈልጋል። በሕግ የሚገባውን ካርታ ወይም ፈቃድ ለማግኘት ተገድዶ የሚከፍል ሰው መብቱን መልሶ እየገዛ ነው፤ የማይገባውን ቦታ ወይም ጨረታ ለማግኘት የሚከፍል ደግሞ የሌላውን መብት እየገዛ ነው። የመጀመሪያው የሚበዘበዝ፣ ሁለተኛው ተባባሪ ነው። የሕንድ መንግሥት የኢኮኖሚ አማካሪ የነበረው ካውሺክ ባሱ እ.ኤ.አ. በ2011 የመጀመሪያው ዓይነት ከፋይ ከቅጣት ነጻ ቢሆን ተቀባዩን ለማጋለጥ አይፈራም የሚል ሐሳብ አቅርቦ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር፤ ተቃዋሚዎቹ መክፈልን ሕጋዊ ማድረግ ልማዱን ያጸናዋል አሉ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕጓን ስታሻሽል መካከለኛ መንገድ መረጠች፤ ተገድዶ የከፈለ ሰው በሰባት ቀን ውስጥ ካመለከተ አይጠየቅም። ሰጪና ተቀባይን በአንድ ዓይን የሚያይ ሕግ ሁለቱንም ለዝምታ እንደሚያስተባብራቸው ማሰብ ተገቢ ነው።

የአብዛኛው ሰው ተሳትፎ ግን ከስግብግብነትም ከዝምድናም ይልቅ በሌላ ነገር ይብራራል፤ ይኸውም ሌላው ሁሉ ያደርገዋል ብሎ ከማመን። ቦ ሮትስታይንና ባልደረቦቹ የሆኑት የስዊድን ተመራማሪዎች ሙስና ሥር በሰደደበት አገር ችግሩ ጥቂት ሌቦችን የመቆጣጠር ሳይሆን የጋራ እርምጃ ችግር ነው ይላሉ። የጋራ እርምጃ ችግር የሚባለው ሁሉም ቢተው ሁሉም የሚጠቀምበት፣ ነገር ግን ብቻውን የተወ ሰው የሚጎዳበት ሁኔታ ነው። ወረፋው በተበተነበት ቦታ ብቻውን ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ጻድቅ ሳይሆን ሞኝ ይባላል። በዚህ ምክንያት ሰው ሙስናን በእውነት እየጠላ በእውነት ይሳተፋል፤ ግብዝነት ነው ብሎ መፍረድ ይቀላል፣ ስሌቱን መለወጥ ግን ከፍርድ በላይ ሥራ ይጠይቃል።

ለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ጥናት የተካሄደው በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ላይ ነው። ሬይመንድ ፊስማንና ኤድዋርድ ሚጌል የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሚሠሩ ዲፕሎማቶች መኪናቸውን አላግባብ በማቆማቸው የተጻፉባቸውንና ያልከፈሏቸውን ቅጣቶች መረመሩ። ዲፕሎማቶቹ የማይከሰሱ ስለነበሩ መክፈልም አለመክፈልም ለኅሊናቸው የተተወ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1997 እስከ 2002 መጨረሻ ባለው ጊዜ ከ150,000 በላይ ቅጣቶች ሳይከፈሉ ተከማችተዋል። ሙስና በበዛባቸው አገሮች የተላኩት ብዙ ሲጥሱ፣ እንደ ስዊድንና ኖርዌይ ካሉ አገሮች የመጡት ግን አንድም ያልተከፈለ ቅጣት አልተገኘባቸውም። እስከዚህ ድረስ ልማድ ከሰው ጋር ባሕር እንደሚሻገር ያሳያል። የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ግን ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ከተማይቱ የአጥፊዎችን የዲፕሎማት ሰሌዳ የመንጠቅ ሥልጣን ስታገኝ ጥፋቱ በ98 በመቶ ገደማ ወረደ። የዲፕሎማቶቹ ባሕል በአንድ ዓመት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የማጥፋት ዋጋ ነበር። በዋሽንግተንም ሆነ በዱባይ የሚኖር፣ በአገር ቤት ሳለ ያለ ሰው ጉዳይ አይጨርስ የነበረ ኢትዮጵያዊ በእነዚያ ከተሞች ቢሮዎች ቁጥሩን ይዞ ተራውን ሲጠብቅ ማየት ለዚህ ተጨማሪ ምስክር ነው።

በኢትዮጵያ ችግሩ የት ላይ እንደሚከማች ለማየት መሬትን መመልከት ይበቃል። ከ1967ቱ አዋጆች ጀምሮ መሬት በመንግሥትና በሕዝብ ባለቤትነት ሥር በመሆኑ፣ በከተማ አንድን ቦታ ለማን፣ በስንት፣ ለምን ጥቅም የሚለው ውሳኔ በጥቂት ባለሙያዎችና ኃላፊዎች እጅ ይገኛል፤ በሊዝ ዋጋውና በገበያው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ማንም የማይንቀው ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለም ባንክ በስምንት ዘርፎች ላይ ባሳተመው ጥናት እንደ ጤናና ትምህርት ባሉ መሠረታዊ አገልግሎቶች የኢትዮጵያ ሙስና ከብዙ ድሃ አገሮች ያነሰ መሆኑን፣ በመሬት ላይ ግን አደጋው ከፍተኛ መሆኑን አመልክቷል። አሜሪካዊው ሮበርት ክሊትጋርድ እ.ኤ.አ. በ1988 ሙስናን በአንድ ስሌት አስቀምጦት ነበር፤ ብቻውን የያዘ፣ እንደ ፈቃዱ የሚወስን፣ ተጠያቂም የማይሆን ባለሥልጣን ባለበት ሙስና አለ ማለት ነው። መሬት ሦስቱንም ያሟላል፤ የመምህሩና የጤና ረዳቱ ወንበር ግን አያሟላም።

ሰዎች ለዚህ ዓይነቱ አደጋ ከጥንት ያገኙት አንዱ መድኃኒት ዕጣ ነው። አቴናውያን በፍርድ ቤቶቻቸው የሚቀመጡትን ዳኞች በዕለቱ ጠዋት በዕጣ ይመድቡ ነበር፤ ማን እንደሚፈርድ አስቀድሞ ካልታወቀ ለማን ጉቦ እንደሚሰጥ አይታወቅምና። በአዲስ አበባ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ተመዝግበው የሚቆጥቡ ነዋሪዎች የጋራ መኖሪያ ቤት የሚደርሳቸው በዕጣ እንዲሆን የተደረገው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ለ25,491 ቤቶች የወጣው ዕጣ ግን በኮምፒዩተር ሥርዓቱ ላይ የመወዳደሪያ መስፈርቱን ያላሟሉ ሰዎች ስም እንዲገባ መደረጉ ታውቆ በከተማ አስተዳደሩ ተሰርዟል። በገንዘብ ሲሰላ ከዚህ የሚበልጡ የሙስና ክሶች በአገሪቱ ቀርበዋል፤ ለምሳሌ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ያለ ጨረታ ተፈጸመ ያለው የውጭ ግዢ ወደ 37 ቢሊዮን ብር ይደርስ ነበር። ዕጣው በሕዝቡ ልብ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን የተለየ ነው። ግዢው ሲጭበረበር ሰው ገንዘቡን ይነጠቃል፤ ዕጣው ሲጭበረበር ግን ሁሉም እኩል የሚሆንበት የመጨረሻው ቦታ ይነጠቃል፣ ድሃውም «አልደረሰኝም» ብሎ የሚጽናናበት ዕድል ያጣል።

ይህን ዓይነት ጉዳት የሚለካ መሣሪያ የለም። በየዓመቱ የሚወጣው የሙስና ግንዛቤ መለኪያ የሚመዝነው ስሙ እንደሚለው ግንዛቤን፣ በተለይም የባለሙያዎችንና የነጋዴዎችን ግንዛቤ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢትዮጵያ ከ100 ነጥብ 37 አግኝታ ከ180 አገሮችና ግዛቶች 98ኛ ሆናለች፣ በዚያው ዓመት ዴንማርክ 90 ነበራት። ነጥቡ በአንድ ቢወጣ ወይም ቢወርድ በጋዜጣ የሚሰጠው ትርጉም ከሚገባው በላይ ነው።

መንግሥታት በተለይ ፀረ ሙስና ተቋም በማቋቋም ይታወቃሉ። የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ተቋቋመ፤ በኋላ የምርመራና የክስ ሥልጣኑ ወደ ፖሊስና ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተዛውሮ ሥነ ምግባርን የማስተማርና ሀብት የመመዝገብ ሥራው ቀረለት፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና በአዲስ አዋጅ ተደራጀ፤ በ2015 ዓ.ም. ከእርሱ ጎን ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። ይህ መደራጀትና እንደገና መደራጀት ተቋም ማቋቋም ብቻውን እንደማይበቃ ይናገራል። ትልልቅ ክሶች ብዙውን ጊዜ ከፖለቲካ ለውጥ ጋር ስለሚመጡ፣ ተመልካቹ ሕዝብ ተከሳሹ ለምን እንደተከሰሰ ከመጠየቅ ይልቅ ለምን አሁን እንደተከሰሰ ይጠይቃል፤ ክሱ እውነት ቢሆን እንኳ ይህ ጥርጣሬ የቅጣቱን ማስተማሪያነት ያሳጣዋል። ሲሻር የሚታሰር፣ እስካልተሻረ የማይነካ ሹም ካለ ደግሞ ከላይ የተነሣው ተረት በሌላ መልኩ ይመለሳል።

ከቅጣት ይልቅ ብርሃን የሠራባቸው አጋጣሚዎች አሉ። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ማዕከላዊው መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከላከው የነፍስ ወከፍ በጀት በአማካይ ትምህርት ቤቶቹ ጋር የደረሰው 13 በመቶ ብቻ መሆኑ በጥናት ታወቀ። መንግሥት ከዚያ በኋላ ለየወረዳው የተላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማሳተም፣ በየትምህርት ቤቱም ግድግዳ ላይ ማስለጠፍ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የሚደርሰው ድርሻ ከ80 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሌሎች የበጀት ማሻሻያዎችም አብረው ስለተካሄዱ ውጤቱን ሁሉ ለጋዜጣው መስጠት አይገባም፤ ቢሆንም ወላጆች ቁጥሩን ማወቃቸው የመንግሥትን ገንዘብ ከዕድር ገንዘብ ጋር አቀራርቦታል። በዕድር ስብሰባ ላይ ሒሳቡ በአባላቱ ፊት ይነበባል፤ የገባውም የወጣውም ብር የማን እንደሆነ የማያውቅ አባል የለም። በኢትዮጵያ ሹማምንት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያስገድደው አዋጅ ቁጥር 668/2002 ማንኛውም ሰው መረጃውን ጠይቆ ማየት እንዲችል ይፈቅዳል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ዕድር ያለውን ጉጉት ያህል ለዚህ መዝገብ ጉጉት የሚያሳይ ዜጋ ግን ብዙ አይታይም።

ብርሃኑም ቢሆን የማይደርስበት ጥግ አለ። ቤንጃሚን ኦልከን የተባለው ተመራማሪ በኢንዶኔዥያ ከ600 በላይ በሆኑ መንደሮች የመንገድ ሥራ ሲካሄድ የኦዲት ዕድሉን ከ4 በመቶ ወደ 100 በመቶ በማሳደግ ባደረገው ሙከራ፣ ሳይታወቅ የሚጠፋው ወጪ በ8 ፐርሰንት ነጥብ ቀንሷል። መሐንዲሶች መንገዱን ቆፍረው የገባውን ድንጋይና አሸዋ ስለለኩ ቁጥሩ የሚያከራክር አይደለም። በዚያው ሙከራ ግን ኦዲተር እንደሚመጣ ያወቁት የመንደር ሹማምንት በመንገዱ ሥራ ላይ የቀጠሯቸው የገዛ ዘመዶቻቸው ቁጥር ጨምሮ ተገኝቷል። ዘመድ መቅጠር በደረሰኝ አይታይም፤ የሠራ ሰው የሠራበትን ቢቀበል ኦዲተሩ ምን ይጽፋል?